ዘይነባ የተባለችው ስንዴ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ሄንደርሰን በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ልጄ ቤት ደረስኩ። የመጣሁት ለሁለት ወር ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሱሪ፣ አራት ሸሚዝና አንድ ወፍራም ሹራብ ይዣለሁ። ልጄ «በረሃ ነው አባዬ» ብላኝ ነበር፤ አሜሪካ በረሃ አለው ብዬ ስላላመንኳት ነው ሹራቡ። ወር ሳይሞላኝ ኮሮና ገባ። ካዚኖው ተዘጋ፣ በረራው ተሰረዘ፣ እኔም እዚያው ቀረሁ። ዓመቱ በፈረንጅ 2020 ነው።

ልጄ ዘይነባ ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ነርስ ናት። ባሏ ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ሻንጣ ተቀብሎ ክፍል የሚያደርስ ሠራተኛ ነበር። ሆቴሉ ሲዘጋ ሰይድ እቤት ዋለ። እሷ ሺፍቷን ትሄዳለች፣ እኛ ሁለት ወንዶች ተፋጠን እንቀመጣለን። ሰይድ ደግሞ መቀመጥ አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ጋራዡን አጸዳ። በሁለተኛው ሳምንት የጸዳውን ጋራዥ አጸዳ። በሦስተኛው ሳምንት ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አባ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስንዴ ላይ ምን ሲሠሩ ነበር? ስንዴ እኮ ይዘራል፣ ይታጨዳል። አለቀ።»

አልተቆጣሁም። ባለቤቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከሠርጋችን ማግስት ይህንኑ ነበር የጠየቀችኝ። ለሰይድ በብዙ ከሰዓት በኋላዎች የነገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ከእርሻ ኮሌጅ ስመረቅ የምደባ ደብዳቤዬ አርሲ ደጋ ላይ ወዳለ የስንዴ ምርምር ጣቢያ ላከኝ። ስንዴን አልመረጥኩም። የፈለግኩት ቡና ነበር፣ ጅማ ይሞቃል ብዬ። ደሞዙ ለላጤ የሚበቃ፣ ለማግባት ለሚያስብ የሚያሳስብ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ሪፖርት የሚወዱ ሰው ስለነበሩ ያየሁትን ሁሉ በሦስት ቅጂ እጽፍላቸው ነበር፤ አንዱንም ማንበባቸውን እጠራጠራለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ሌላ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ቱፋ ይባላሉ።

ጋሽ ቱፋ የጣቢያው የማሳ ረዳት ነበሩ። ትምህርታቸው ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የማይወዱ ሰው። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ስደርስ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ኪሴ ላይ የሰካሁትን ብዕር ነቅለው መለሱልኝ። «ጤዛ ቀለም ይበላል» ብለው እርሳስ ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሳ ውስጥ ብዕር ይዤ አላውቅም።

ልማዳቸው ብዙ ነው። በየጠዋቱ የሙከራ መደቦቹን ሲዞሩ ትናንት ከጀመሩበት ጫፍ ዛሬ አይጀምሩም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ዓይን ይደክማል። መጨረሻ ላይ ያለው ስንዴ ሁልጊዜ በደከመ ዓይን ከታየ ይበደላል» አሉኝ። ከማሳ ሲወጡ በር ላይ ቆመው የሱሪያቸውን እጥፋት ይፈቱና ያራግፋሉ፤ አንዲት ፍሬ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ተሸክመው እንዳይሄዱ። ፍሬውን አምስት ስድስት አድርገው ያኝካሉ። እንደ ማስቲካ ከተሳበ ዳቦ ይወጣዋል፤ አፍ ውስጥ ከፈረሰ ይተፉታል። አንድን ስንዴ «ጥሩ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ትልቁ ምስጋናቸው «ይሁን» ነው።

ማዳቀልን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስንዴ ራሱን በራሱ የሚያራባ ተክል ነው፤ ወንዴውም ሴቴውም አንድ አበባ ውስጥ ናቸው። ሁለት ስንዴ ለማጋባት መጀመሪያ ከእናቲቱ አበባ ወንዴውን ማውጣት ያስፈልጋል። ዛላው ከቅጠሉ ብቅ ሲል ትመርጠዋለህ። የአበባውን ቅርፊት ጫፍ በመቀስ ትቆርጣለህ። ውስጡ ሦስት የወንዴ ከረጢቶች አሉ፤ ገና አረንጓዴ መሆን አለባቸው፤ ቢጫ ከሆኑ ረፍዶብሃል። አንድ በአንድ በወረንጦ ታወጣቸዋለህ፣ መሃል ያለችውን ላባ የመሰለች ሴቴ ሳትነካ። አንድ ዛላ ላይ ሠላሳ አርባ አበባ አለ። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ትሸፍነዋለህ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ከአባትየው ዛላ የበሰለ የአበባ ዱቄት አምጥተህ ትነሰንሳለህ። መለያው ካርድ ላይ የእናትን ስም ቀድመህ፣ የአባትን አስከትለህ ትጽፋለህ።

የመጀመሪያ ቀን አርባ አበባ ሠርቼ ያፈራው ሁለት ነው። ጋሽ ቱፋ ሁለቱን ፍሬ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቷቸው።

«ሠላሳ ስምንቱን ገድለሃል» አሉኝ። «ነገ ሠላሳ አምስት ግደል።»

እንደዚያ እያልኩ ለመድኩት። ለማስተርስ ውጭ አገር ሁለት ዓመት ተልኬ ስለ ዘረ መል ተማርኩ፤ የትኛው ዘረ መል ስንዴን ከዋግ እንደሚያድን ለይቼ መጣሁ። ዋግ ማለት ቅጠልና ግንድ ላይ እንደ ዝገት የሚወጣ በሽታ ነው፤ በነፋስ አገር ያቋርጣል። እኔ ይዤ የመጣሁት ዘረ መል ቢጫውን ዋግ ድርሽ አያስብለውም ነበር። ይህንን ለጋሽ ቱፋ በደስታ ሳስረዳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ዘበኛ ያለው ግቢ ነው በለኝ» አሉ።

«ግን ጎበዝ ዘበኛ ነው።»

«ጎበዝም ይተኛል።»

አልሰማኋቸውም። ያን ዘረ መል ካለው ስንዴ ጋር አዳቅዬ ካገኘኋቸው ዘሮች አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ በለጠ። ማዳቀሉን የሠራሁት ልጄ በተወለደችበት ወር ስለነበር በልቤ «ዘይነባ» ብዬዋለሁ። ከማዳቀል እስከ ገበሬ ማሳ አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል። ልጄና ስንዴዬ አብረው አደጉ። ስንዴዋ ከቁመቷ አጠር ያለች፣ ዛላዋ የደነደነ፣ ቅጠሏ ላይ አንዲት የዋግ ነጥብ የማይታይባት ቆንጆ ነበረች።

በመጨረሻው ዓመት ዝርያው ይለቀቅ አይለቀቅ የሚወስነው ኮሚቴ ሊመጣ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከመደቡ ጥግ ላይ ቢጫ የነጠበባቸው ስምንት ተክሎች አየሁ። ከዚያ ለራሴ መልስ ሰጠሁ፦ የሌላ ስንዴ ዘር ተቀላቅሎ ነው።

ጋሽ ቱፋ ከኋላዬ ቆመዋል። ጎንበስ ብለው አንዱን ዛላ ያዙ።

«ጺሙን እየው። ቁመቱን እየው። እነዚህ ባዕድ አይደሉም ይማም፣ እህትማማች ናቸው። አንድ ዓመት እንቆይ።»

«ጋሼ፣ ኮሚቴው ሐሙስ ይመጣል።»

«ኮሚቴ በየዓመቱ ይመጣል።»

ስምንቱንም በእጄ ነቀልኳቸው። መዝገቡ ላይ «ባዕድ ዘር፣ ተወግዷል» ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው መጣ፣ አጨበጨበ፣ ዝርያዋ ጸደቀች። ስሟንም እንደጠየቅሁት «ዘይነባ» አሏት።

ሁለት ዓመት ንጉሥ ሆንኩ። በገበሬዎች ቀን መድረክ ላይ ወጥቼ ሰበክኩ። በአካባቢው የታወቁ ገበሬ፣ ባላቸው የሞተባቸው አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናት፣ በእኔ ቃል መሬታቸውን ሙሉ ዘይነባን ዘሩ። በሦስተኛው ዓመት ዋጉ ተቀየረ። ያንን አንዱን ዘበኛ ማለፍ የቻለ አዲስ የዋግ ዘር መጣ። መስከረም መጨረሻ ላይ ማሳ ውስጥ ስገባ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ቢጫ ዱቄት ለበሰ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ልጄን ከበው «ዘይነባን ዋግ መታት» እያሉ ዘፈኑባት።

እኔ ምን አደረግኩ? ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሪፖርት ጀመርኩ። «ከዚህ በፊት ያልታየ የዋግ ዘር ከውጭ በመግባቱ» የሚል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለሁ ጋሽ ቱፋ ገቡ። ቢሮ ገብተው አያውቁም ነበር። ያን ጊዜ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። «ነግሬህ ነበር» እንዲሉኝ ጠበቅሁ።

«ሪፖርቱ ይቆይ» አሉኝ። «ተነስ፣ አዴ ጫልቱ ጋ እንሂድ።»

አዴ ጫልቱ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ማሳው መሃል ወስደው አቆሙኝ። እርጥብ መሆን የነበረበት ቅጠል እጃቸው ውስጥ ተፈረፈረ።

«ዘይነባ የማን ስም ነው?»

«የልጄ።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እሰይ» አሉ። ያ «እሰይ» ነው ያስለፈለፈኝ። ስምንቱን ተክሎች ነገርኳቸው። አስቀድሜ አይቼ እንደነበር፣ እንደነቀልኳቸው፣ የጻፍኩት ውሸት እንደሆነ። እንዲህ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ለምን ነቀልካቸው?»

«ሰዎች ሊያዩ ይመጡ ነበር።»

አዴ ጫልቱ ጋሽ ቱፋን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ። «እኔም እንግዳ ሲመጣብኝ የታመመ በሬ ከጓሮ አስራለሁ» አሉ። «ለጎረቤት ግን አልሸጠውም።»

እስከ ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ ቃል ይህ ነው። አንገቴን ደፍቼ ስቆም እጄን ይዘው ወደ ማሳው ጥግ ጎተቱኝ። እዚያ ከአሮጌው የቤት ዘር ተቀላቅለው የበቀሉ ጥቂት ረዘም ያሉ ስንዴዎች ነበሩ። ቅጠላቸው ነጠብጣብ አለው፣ ግን አረንጓዴው አልጠፋም። ዛላውን ፈልፍለው ፍሬውን አሳዩኝ፤ ሙሉ ነው።

«እነዚህንም በሽታው አግኝቷቸዋል» አሉ። «ግን አልጋ አልያዙም።»

አሥራ አንድ ዛላ ቆርጠን ወሰድን።

ቢሮ ተመልሼ ሪፖርቱን ቀደድኩና ስምንቱን ተክሎች ጨምሬ እንደገና ጻፍኩት። በስብሰባ አነበብኩት። ማንም አላባረረኝም፤ ከዝርያ አውጪነት ተነስቼ ባሌ ወዳለ አንድ ንዑስ ጣቢያ ተዛወርኩ። እንደ ቅጣት ነበር የታሰበው። ለእኔ ግን ባሌ ምርጥ ትምህርት ቤት ሆነኝ። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ዋግ አይጠፋም፤ የታመመ ስንዴ ማጥናት ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። የአዴ ጫልቱን ዛላዎች ከሌሎች ጋር አዳቀልኳቸው። አሁን የምፈልገው አንድ ጎበዝ ዘበኛ ሳይሆን አራት አምስት መናኛ ዘበኞች አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ያስላል። እንዲህ ያለው ስንዴ ይታመማል፣ ግን ቀስ ብሎ፤ ፍሬውን ሞልቶ ይጨርሳል። ቅጠሉ ስለማያምር ኮሚቴ አይወደውም።

ጋሽ ቱፋ ጡረታ ከወጡ በኋላ በየዓመቱ የማዳቀል ወቅት ሲደርስ ማንም ሳይጠራቸው በአውቶቡስ ይመጡ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ወሰደብን። ዝርያው በመጨረሻ ሲፈቀድ ፍሬውን ሰጠኋቸው። የቀሯቸው ጥርሶች ጥቂት ስለነበሩ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

«ይሁን» አሉ።

የመጀመሪያውን ዘር ለአዴ ጫልቱ ወሰድኩላቸው። በወረቀት ላይ ሌላ ስም አለው፤ እሳቸው ግን ምርቱን ካዩ በኋላ በኦሮምኛ ያወጡለት ስም ነው በአገሩ የጸናው። ወደ አማርኛ ስመልሰው «ታማ ዳነች» ማለት ነው።

ለሰይድ ይህንን ስነግረው «ዘይነባን ዋግ መታት» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ዘይነባ ከሺፍት ተመልሳ ጋራዡ ውስጥ ልብሷን እየቀየረች ነበር፤ በዚያ ጊዜ ሆስፒታል የዋለችበትን ልብስ ቤት አታስገባም።

«ምንድነው የሚያስቃችሁ?» አለች በበሩ ክፍተት።

«ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ስንዴ መሆንሽን አልነገርሽኝም» አላት።

«አባዬ፣ ነገርከው?»

«ጠየቀኝ።»

«እኔ እኮ በዚያ ዘፈን ምክንያት ነው ትምህርት ቤት የቀየርኩት» አለች። ግን እሷም እየሳቀች ነበር።

በኖቬምበር ሰይድ «አባ፣ ወሬው በቃ፣ እንዝራ» አለኝ። የጓሮው መሬት ሲሚንቶ ነው። የፊቱ ጠጠር ነው። ጠጠሩን በአካፋ አነሳንና የአልጋ ስፋት ያህል መሬት አወጣን። ዘሩን ከገዛንበት መደብር ሁለት ዓይነት አገኘሁ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። በረሃ መሬት ቢሆንም ውሃ ካገኘ ስንዴ የዚህን አገር ብርዳም ክረምት ይወደዋል። በሳምንቱ በቀለ።

ጃንዋሪ ላይ፣ የክትባት ተራዋ ሳይደርስ ዘይነባ ታመመች። ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ምግብ ደጃፏ ላይ እያስቀመጥን እንመለሳለን። እኔ ወንበር ወስጄ ከበሩ ራቅ ብዬ እቀመጥና ስንት ጊዜ እንደምትስል እቆጥራለሁ። ማሳ ላይ መቁጠር የለመደ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል። ሰይድ የኦክስጅን መለኪያዋን ቁጥር በየሰዓቱ በስልክ ቼክ ያደርጋል። ስድስት ቀን እንደዚህ ሆንን። በሰባተኛው ጠዋት ከበሩ ኋላ፣

«አባዬ፣ አለህ?» አለች።

«አለሁ።»

«አዴ ጫልቱ በሕይወት ካሉ ደውልና ታማ ዳነች በላቸው።»

አዴ ጫልቱ በሕይወት ነበሩ። ደወልኩ። ልጃቸው ስልኩን አቀበላቸው፤ ነገርኳቸው። «የትኛዋ፣ ስንዴዋ ወይስ ልጅቷ?» አሉኝ።

ማርች ላይ ስንዴው ዛላ አወጣ። ቀዩ ጺማም ነው፣ ነጩ ጺም የለውም። ሰይድን ማዳቀል አስተማርኩት። የዘይነባን የቅንድብ ወረንጦ ይዞ መሬት ላይ ተንበረከከ። ሻንጣ ሲያነሳ የኖረ እጅ እንዲህ ይለሰልሳል ብዬ አልጠበቅሁም። ጎረቤቶች ማስክ አድርገው ሲያልፉ ቆም እያሉ ያዩን ነበር፤ ሁለት አበሾች ፀሐይ ላይ ተደፍተው ሣር ሲያባብሉ።

ኤፕሪል ላይ ደብዳቤ መጣ። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ እዚህ ኤችኦኤ የሚሉት፣ በደጃችን «ከተፈቀደው ቁመት ያለፈ አረም» ስላለ በአሥር ቀን እንድናነሳ አዘዘ። ሰይድ ደነገጠ። ዘይነባ «ቁረጡት፣ ከእነሱ ጋር አይቻልም» አለች። እኔ አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ግን ቁርስ አልበላም አለኝ። የተዳቀሉት ሁለት ዛላዎች ፍሬያቸው እስኪበስል ገና ከስድስት ሳምንት በላይ ይቀራቸዋል።

በአሥረኛው ቀን ሊንዳ የምትባል የማኅበሩ ሠራተኛ መዝገብ ይዛ መጣች። ስድሳ የሚሆናት፣ ባርኔጣ ያደረገች። ከመኪናዋ ወርዳ ስንዴው ጋ ቆመች። እጇን ዘርግታ ጺሙን ከታች ወደ ላይ ዳሰሰችው። ከታች ወደ ላይ የሚዳስስ ስንዴ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የማያውቅ ከላይ ወደ ታች ይጎትትና እጁን ይወጋል።

«አባቴ ካንሳስ ውስጥ ስንዴ ያርስ ነበር» አለች። «እርሻው ሲሸጥ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ነክቼ አላውቅም።»

ስለ ሁለቱ ዛላዎች ነገርኳት። ከረጢታቸውን ከፍቼ አሳየኋት።

«ስንት ቀን ይፈልጋል?»

«ሠላሳ አምስት።»

መዝገቧን ገለጠች። «ደብዳቤው የሚለው አረም ነው» አለች። «ይሄ አረም አይደለም። በስህተት የተጻፈ ደብዳቤ ለማረም ደግሞ ቢሮአችን ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል። ከዚያ በላይ ግን አልችልም።»

ሠላሳ ስድስተኛው ቀን ላይ አጨድን። ሊንዳ አንድ ነዶ በክር አስራ ይዛ ሄደች። ጠጠሩን መልሰን ዘረጋንና የጓሮውን ሲሚንቶ ሁለት ካሬ ሰበርን፤ ጓሮ ማኅበሩን አያገባውም። ከተዳቀሉት ሁለት ዛላዎች አሥራ ሰባት ፍሬ አገኘን። እኔ በመጀመሪያ ቀኔ ሁለት ነበር ያገኘሁት፤ ይህንን ግን ለሰይድ ደግሜ አላነሳሁበትም፣ እንዳይታበይ።

ሰይድ በፈረንጆቹ በጋ ላይ ወደ ሆቴሉ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ያንን ሁሉ ጊዜ ሻንጣ ሲያጭቅ የከረመ ይመስል ሥራው በረታበት፤ ኦቨርታይም በኦቨርታይም ሆነ። እኔም ለሁለት ወር የመጣሁት ሰውዬ ሁለተኛ ዓመቴን ልደፍን ነው። ስንዴውን የረሳው መስሎኝ አላስታወስኩትም። በ2021 ኖቬምበር አንድ ቀን ጠዋት ከሶላት በኋላ የጓሮውን በር ስከፍት፣ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰ መሬቷ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ለካ አሥራ ሰባቱን ፍሬ ከሳምንት በፊት ለብቻው ዘርቷቸዋል።

«ስንት ወጣ?» አልኩት።

«አሥራ ስድስት።»

«በጣም ጥሩ ነው። ተነስ፣ ሺፍትህ ይረፍድብሃል።»

«ደውያለሁ፣ አንድ ሰዓት ዘግይቼ እገባለሁ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመሬቱ ሳያነሳ። «አንዱን እየጠበቅኩት ነው።»

ወንበር አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።